የሰዓድ ባቡርና ቀዩ ጨርቅ

ይህን በአፌ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባሌም አልነገርኩትም፤ ሳይሰማው አፈር ገባ። በሁለት ሺህ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ ለመውሊድ፣ የመስጊዱን የድምፅ ማጉያ ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። ሰዓድ አይደለም።

ሰዓድ የባሌ የእህት ልጅ ነበር። ሐይቅ ከተማ እኛ ቤት ተቀምጦ ከባሌ ከሙዘይን ጋር ሬዲዮና ቴፕ ይጠግን ነበር። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። ማጉያው በተቃጠለ በአራተኛው ቀን በባቲ በኩል ወደ ጅቡቲ ወጣ፤ ከዚያ ባሕሩ ላይ ቀረ። እናቱ ራህማ አምባሰል ናት። ልጇ የመስጊድ ንብረት በግዴለሽነት አጥፍቶ በኀፍረት እንደ ሄደ ነው የምታውቀው። እንዲያ ብለን የነገርናት እኛ ነን። ስለዚህ በየዓመቱ ለመውሊድ አንድ ቅል ማር ይዛ ትወርዳለች። ማሩን ለመስጊዱ ሰዎች ትሰጥና "ልጄን አፉ በሉልኝ" ብላ ከበር ትመለሳለች። ገብታ መንዙማ አታዳምጥም። ስምንት ዓመት ከበር ስትመለስ አይቻታለሁ።

ፊደል ያስተማረኝ ሰው የለም። ባሌ ከሚጥላቸው የሬዲዮ ካርቶኖችና ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ለቃቅሜ ነው ያወቅሁት። ራህማ ማንበብ አትችልምና ከውጭ የሚመጣላትን ደብዳቤ የማነብላት እኔ ነኝ። የራሴን ደብዳቤ ደግሞ ከመላኬ በፊት በደብተር እገለብጣለሁ። ከዚህ በታች ያለው ከኢንሳፍ ጋር የተጻጻፍነው ነው። ኢንሳፍ የሰዓድ ታላቅ እህት ናት፤ ጀርመን አገር ትኖራለች። ምንም አልቀነስኩም።

ኑርንበርግ፣ ጥር 2 ቀን 2017

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ ዋሲላ፤

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎ እንዴት ነው? አላህ ጤናውን አብዝቶ ይስጥልን። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ብርዱ ብቻ ነው። በስልክ በደወልኩ ቁጥር "ጮክ በይ፣ ጆሮዬ አልያዘውም" እያሉኝ ሳንነጋገር ስለምንዘጋው ደብዳቤ ይሻላል አልኩ።

ሥራ ቀይሬአለሁ። አሮጌ የአሻንጉሊት ባቡር የሚጠገንበት ሱቅ ገባሁ። እንደሚስቁብኝ አውቃለሁ። እዚህ ሽበታም ወንዶች መኝታ ቤታቸው ውስጥ ሀዲድ ዘርግተው ባቡር ሲነዱ ይውላሉ፤ ሚስቶቻቸውም ምንም አይሉ።

የሰዓድ ባቡር ትዝ አለኝ። ሀዲድ ሊዘረጋ የመጣው ፈረንጅ፣ ሰዓድ ሬዲዮውን ስለ ጠገነለት የሰጠው፣ ያ አረንጓዴ የአሻንጉሊት ጎታች። አለ? ካለ በሰው ይላኩልኝ። እዚህ ውስጡ ዲኮደር የሚባል ትንሽ ዕቃ አስገብቼ፣ ሀዲድ ጨምሬ እመልሰዋለሁ። ሰዓድ ሀዲድ አጥቶ አንድ ቀን እንኳ ሲሄድ ሳያየው ቀረ። የእናቴ ዓይን እየደከመ ነው ብለው ነግረውኝ ነበር። ሳይጠፋ፣ ለመውሊድ ስትወርድ፣ የልጇ ባቡር ሲሄድ ትይልኝ።

እጅዎን የምስም፣ ልጅዎ ኢንሳፍ

ሐይቅ፣ ጥር 28 ቀን 2017

ለልጄ ለኢንሳፍ፤

ሰላምሽ ይብዛ። ካለሽበት አገር ክፉ አይንካሽ፤ የረገጥሽው ይለምልም። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዱን ለራሴ፣ አንዱን ለእናትሽ። እናትሽ ባቡር ሲባል ሻሿን አስተካክላ "እሱ ዕቃ አለ እንዴ?" ብቻ አለች።

አለ። በአጎትሽ ሸሚዝ ጠቅልዬ ሣጥን ውስጥ ነው ያኖርኩት። አልልከውም ግን። ከዚህ ቤት ወጥቶ በሰላም የተመለሰ ነገር አላየሁም። ዕቃውን አንቺ ላኪ፤ እዚሁ ይሠራል። ዲኮደር ያልሽው የዲሹ ከሆነ እዚህም ሞልቷል። የሚሠራ እጅ አይጠፋም።

የአጎትሽን ሱቅ አላከራየሁትም። አቧራውን እጠርጋለሁ፣ እቆልፋለሁ። የዘንድሮው በልግ ገና አልታወቀም።

አክስትሽ ዋሲላ

ኑርንበርግ፣ መጋቢት 5 ቀን 2017

ለተከበሩ አክስቴ፤

ረመዳንን በሰላም ያስፈጽምዎ፤ ጾምዎን አላህ ይቀበልልን። እዚህ ያለችው ጓደኛዬ ነጅዋ ደሴ ለዒድ ስለምትገባ ዕቃውን ሁሉ በእሷ ሻንጣ ልኬአለሁ፤ ክብ የሚሆን ሀዲድ፣ መቆጣጠሪያ፣ ዲኮደሩ። የዲሽ አይደለም፤ የአውራ ጣትዎን ጥፍር ያህላል።

ድሮ እንዲህ ነበር፦ ሀዲዱ ላይ ኤሌክትሪክ ከተለቀቀ ባቡሩ ይሄዳል፤ ከተቆረጠ ይቆማል። ዲኮደር ሲገባለት ግን ኤሌክትሪኩ ሁልጊዜ ሀዲዱ ላይ አለ። ባቡሩ ቆሞ ይጠብቃል። ቁጥሩ ካልተጠራ አይነቃነቅም። ከፋብሪካ ሲወጣ ሁሉም ቁጥሩ ሦስት ነው። የሰዓድን ሃያ ሁለት ይበሉት።

ቀይና ጥቁሩ ሽቦ ከሀዲዱ ኤሌክትሪክ ይቀበላሉ። ብርቱካናማና ግራጫው ወደ ሞተሩ ይሄዳሉ። የቀሩት ለመብራቱ ናቸው። ከሁሉም በላይ አንድ ነገር፦ ሞተሩ ከባቡሩ የብረት ገላ ጋር በምንም እንዳይነካካ። ከተነካካ ዲኮደሩ ያኔውኑ ይቃጠላል።

የሚሠራው እጅ የማን ነው? እዚያ ቤት ሽቦ የሚበየድበትን ማቅለጫ መያዝ የሚያውቁት አጎቴና ሰዓድ ብቻ ነበሩ ብዬ ነው። ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እርስዎ ያን ቀን ቤት ነበሩ። እውነት ሰዓድ ግዴለሽ ነበር? እኔ የማውቀው ሰዓድ የጫጩት ቅርጫት ሳይከድን የማይተኛ ነበር።

ኢንሳፍ

ሐይቅ፣ መጋቢት 30 ቀን 2017

ለልጄ ለኢንሳፍ፤

ዒድ ሙባረክ። አላህ ለከርሞ በአንድ ሰደቃ ያስቀምጠን። ነጅዋ ዕቃውን በእጇ አስረከበችኝ፤ ዱዓ አድርጌላታለሁ።

ሳልዞር ልንገርሽ፤ ተቃጠለ። እጁ የእኔ ነው። አትሳቂ። ሠላሳ ዓመት ከአንድ ጠረጴዛ አጠገብ ሽንኩርት ስከትፍ ዓይኔን የጨፈንኩ መሰለሽ? አጎትሽ የማያነባቸውን መጻሕፍት ሁሉ ያነበብኩት እኔ ነበርኩ።

የባቡሩን ክዳን ስከፍት ውስጡ ሰዓድ ነበር። እንዴት ልበልሽ? ባዶ የሆነውን ሽቦ ሁሉ በክር ጠምጥሞ፣ በክሩ ላይ ሰም አልብሶበታል። የእናቱ ማር ሰም ነው፤ ሳሞቀው ሸተተኝ። በአንዱ ላይ የጣቱ ምልክት አለ። ሀዲድ ለሌለው፣ ለማይሄድ ባቡር ይህን ሁሉ መሸፈን! ዲኮደሩ ሲገባ ግን ክዳኑ አልዘጋ አለኝ። ቦታ እንዲያገኝ ብዬ አንዱን ጥምጥም ፈታሁት። ያ የፈታሁት ሽቦ ነው ገላውን የነካው። እሱ የሸፈነውን እኔ ገለጥኩት።

ጢሱ ትንሽ ነው፤ እንደ ክር። ግን የሽታው ነገር! ያን ሽታ አውቀዋለሁ።

ሌላ ላኪልኝ። አደራሽን።

ዋሲላ

ኑርንበርግ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 2017

ለአክስቴ፤

ሰላምና ጤና ለእርስዎ ይሁን። ሌላውን ዲኮደር በፖስታ ልኬአለሁ። አክስቴ ዋሲላ ማቅለጫ ይዛ! አውቶቡስ ውስጥ ብቻዬን ስቄ ሰው አየኝ። አጎቴ ቢሰማ "ሽሮው የሚያርረው ለዚህ ነው ለካ!" ባለዎት።

በመቃጠሉ አይዘኑ። እኛ ሱቅ አንድ የመስተዋት ማሰሮ አለ። አዲስ ሠራተኛ ዲኮደር ሲያቃጥል ሽማግሌው ባለሱቅ አይቆጣም። የተቃጠለውን ማሰሮው ውስጥ ያኖርና ያቃጠለው ሰው ስሙን በወረቀት ጽፎ እንዲያስርበት ያደርጋል። ደንበኛ እየገባ ያነባል። የእኔ ስም ሦስት ቦታ አለ። መጀመሪያ አፈርኩ፤ አሁን ወደ ማሰሮው ሳይ ያስቀኛል። የሽማግሌው የራሱ ስም ሰባት ቦታ ነው።

እናቴን አንድ ነገር እስከ ዛሬ ይከነክናታል። ሰዓድ ሊሰናበታት አምባሰል ሲወጣ "ጨርቁን አስሬው ነበር" እያለ ይምል ነበር አለችኝ። አጎቴ ሥራው ያላለቀ ዕቃ ላይ ቀይ ጨርቅ ያስር እንደ ነበር እኔም አስታውሳለሁ። ጨርቅ ያለበትን ማንም አይሰካም ነበር፤ የሚፈታውም የጨረሰው ሰው ብቻ ነው። ታዲያ አስሮት ከነበረ ማን ፈታው?

ያን ሽታ ከየት ነው የሚያውቁት?

ኢንሳፍ

ሐይቅ፣ ግንቦት 20 ቀን 2017

ለልጄ ለኢንሳፍ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፤ ከክፉ ጎረቤት ይሰውርሽ።

ባቡሩ ሄደ። ክሩን እሱ እንዳደረገው መልሼ ጠመጠምኩት፤ ሰሙንም ከእናትሽ ለምኜ አመጣሁ። "ለምንሽ ነው?" አለችኝ፤ "ለክር" አልኳት። ክዳኑ ግማሽ ጣት ያህል አይገጥምም፤ ይቅር። ሃያ ሁለት ብዬ ስጠራው መጀመሪያ መብራቱ በራ። ከዚያ ተነቃነቀ። እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ሰውን ያስለቅሳል።

ጎረቤታችን ሙላት ከእስጢፋኖስ ቅዳሴ ሲመለስ ድምፁን ሰምቶ ገባ። ነጠላውን ሰብስቦ በርጩማ ላይ ተቀመጠ።

"አይ ዋሲላ! ሀዲዱ ታች ተዘርግቶ ፍየል ይተኛበታል፤ ባቡሩ ለካ አንቺ ሱቅ ነው!"

"ትኬት ቁረጥና ግባ" አልኩት።

"ደሴ ድረስ ስንት ነው?"

"ላንተ በነፃ ነው። መመለሻ ግን የለውም።"

እሱ ሳቀ። ያን ጊዜ መብራት ጠፋ፤ ባቡሩ መንገድ ላይ ቆመ። ሙላትም "ይኸው፣ ደረስን" ብሎ ወጣ።

በማግስቱ አሱር ሰግጄ ሰላም እያሰላመትኩ ነበር። ከሱቁ ውስጥ ድምፅ ሰማሁ። ይህ ደካማ ጆሮዬ እሱን ሰማ። ከፍቼ ብገባ ባቡሩ ይሄዳል። በሩ ተቆልፎ ነው የዋለው፤ ማንም አልነካውም፤ ማንም አልጠራውም። ዞረ፣ እንደገና ዞረ። ሶኬቱን ልነቅል እጄ እምቢ አለኝ። አፍሬ ነው የምጽፍልሽ፤ "ሰዓድ" ብዬ ጠራሁ።

ይህ ምንድን ነው? ቶሎ ጻፊልኝ። ከዚያ ወዲህ ሱቁን አልከፈትኩም።

ዋሲላ

ኑርንበርግ፣ ሰኔ 8 ቀን 2017

ለአክስቴ፤

ዒደል አድሃን በሰላም እንዳለፉ ተስፋ አለኝ። አይፍሩ። ጂን አይደለም። መቆጣጠሪያው የመጨረሻውን ትእዛዝ ይይዛል። መብራት ሲጠፋ ባቡሩ ሂድ ተብሎ ነበር፤ ቁም ያለው ሰው የለም። መብራት ሲመለስ የተባለውን ቀጠለ። ቢቆይም ያው ነው፤ ለእሱ ትእዛዙ አላለቀም። ከእንግዲህ ከአጠገቡ ሲነሱ ቁም ብለውት ይነሱ።

ባለፈው ለጠየቅኋቸው ሁለት ጥያቄዎች አልመለሱልኝም። ደብዳቤዎን ገልብጬ ጀርባውን ሁሉ አየሁ፤ የለም።

ኢንሳፍ

ሐይቅ፣ ሰኔ 30 ቀን 2017

ኢንሳፍ፤

ሰላምታዬን አሳጥሬአለሁ። ሰላምታ እያረዘምኩ ስሸሽ ነው የኖርኩት።

ጨርቁን የፈታሁት እኔ ነኝ።

ዕለቱ የመውሊድ ዋዜማ ነበር። ሰዓድ ምሳ ላይ "ማጉያው አንድ ሽቦ ብቻ ይቀረዋል" ብሎ፣ ጨርቁን አስሮ፣ ከአጎትሽ ጋር ዝሁር ሊሰግድ ወጣ። ማሰሩን በዓይኔ አይቻለሁ። እኔ መበየድ እንደምችል ያን ጊዜ ማንም አያውቅም ነበር። ጨርሼ ባስደንቃቸውስ አልኩ። ሽቦውን በየድኩት፤ ጫፉ ከሣጥኑ ብረት ጋር መነካካቱን አላየሁም። አማረልኝ። ጨርቁን ፈትቼ ጉያዬ ከተትኩት። የጨረሰ ሰው አይደል የሚፈታው? እኔ ጨርሻለሁ።

ሲመለሱ ልናገር ነበር። አጎትሽ ሰዓድን ከመንገድ ወደ ገበያ ልኮት ብቻውን መጣ፤ የመስጊዱ ሰዎችም እየተከተሉት። ጨርቅ የሌለበትን ማጉያ አይቶ ያለቀ መስሎት አንሥቶ ወጣ። በእንግዳ ፊት ምን ልበል? ይሠራ የለ፣ ማታ እነግረዋለሁ አልኩ። በሕዝብ ፊት ሰካው። ያ ሽታ እስከ እኛ ደጅ መጣ።

አጎትሽ ቤት ሲመለስ አልጮኸም። ሰዓድ "ጨርቁን አስሬው ነበር" አለ። አጎትሽ ወደ እኔ ዞረና "ዋሲላ፣ ጨርቅ ነበረበት?" አለኝ።

"አላየሁም" አልኩ።

ጨርቁ ጉያዬ ነበር። ሰዓድ ፊቴን አየ፤ ከዚያ እጁን አየ። አጎትሽ ማቅለጫውን ተቀብሎት መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበት።

ይህ ብቻ ቢሆን። ባሕሩን ሊሻገር ሲል ጅቡቲ ዳር ካለችው ከኦቦክ ደወለልኝ፤ ያን ጊዜ ጆሮዬ ደህና ነበር። ነፋስ ይሰማል። "አክስቴ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ጨርቁን አስሬው ነበር ወይስ ያሰርኩት መስሎኝ ነው? ራሴን መጠራጠር ጀምሬአለሁ። አስሬው ከነበረ እመለሳለሁ፤ አጎቴን አስረዳዋለሁ" አለኝ። አጎትሽ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። "ያለፈ አለፈ። መንገድህን ሂድ" አልኩት።

የመጨረሻ ቃሌ ሂድ ነው፤ ልጄ። ባቡሩ በዞረ ጊዜ ሶኬቱን መንቀል ያቃተኝ ለዚህ ነው።

ዋሲላ

ሐይቅ፣ ሐምሌ 26 ቀን 2017

ኢንሳፍ፤

ደብዳቤዬ ደረሰሽ ወይ? አንድ ቀን "ባይደርሳትስ?" ብዬ ደስ አለኝ። በዚያው ቀን ከደብተሬ ገልብጬ ደገምኩት። ይኸው ሁለተኛው።

ዋሲላ

ኑርንበርግ፣ ነሐሴ 4 ቀን 2017

አክስቴ፤

የመጀመሪያው ደርሶኛል። ሰላምታ መጻፍ አቃተኝ፤ ይቆየኝ።

ሦስት ጊዜ መልስ ጽፌ ቀደድኩ። አንዱ ስድብ ነበር። አንዱ ይቅርታ ነበር፤ እሱን ሳነበው ውሸት ሆነብኝ። ሱቅ ስገባ ከማሰሮው አጠገብ ቆሜ የእርስዎን ስም ልጽፍ ወረቀት ቆረጥኩ። ከዚያ የሚጽፈው ያቃጠለው ሰው ራሱ መሆኑ ትዝ አለኝና ተውኩት።

ለእናቴ እኔ አልነግራትም። ከዚህ የጻፍኩላትን ሁሉ የሰማችው በእርስዎ ድምፅ ነው። ይህንንም በዚያው ድምፅ ትስማው። ኦቦክን እንዳይዘሉት።

ኢንሳፍ ይቅር ብላለች ብለው አይንገሯት። ገና አላልኩም። ባቡሩን ግን ይዘውላት ይሂዱ።

ኢንሳፍ

ሐይቅ፣ ነሐሴ 25 ቀን 2017

መውሊድ አራት ቀን ቀረው። የኢንሳፍ ደብዳቤ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ። ነገ ከጎህ በኋላ አምባሰል እወጣለሁ፤ ራህማ ማሩን ቅል ውስጥ ሳትጨምረው መድረስ አለብኝ። ዘንድሮ ከመስጊዱ በር የሚመለስ ሰው ካለ እኔ ነኝ እንጂ እሷ አይደለችም። ለመስጊዱ ሰዎች ከእሷ ቀጥሎ እነግራቸዋለሁ።

ትገፈትረኝ ይሆናል። ስምንት ዓመት የበላነውን ማር ትቆጥርብኝ ይሆናል። ወይም እንደ ልማዷ ሻሿን አስተካክላ ዝም ትላለች፤ የምፈራው እሱን ነው። እዚያ መብራት የለም፤ ባቡሩ አይሄድላትም። ግን ክዳኑን ከፍቼ ጣቷን ሰሙ ላይ አሳርፈዋለሁ። ልጇ ምን ዓይነት ሰው እንደ ነበር ዓይኗ ቢደክምም ታውቀዋለች።

ዛሬ ሱቁን ከፍቼ ሃያ ሁለትን ጠራሁት። አንድ ዙር ዞረ። ቁም አልኩት፤ ቆመ። በአጎቱ ሸሚዝ ጠቀለልኩት።

እነዚህን ገጾች በዚያ ቀይ ጨርቅ አስሬአቸዋለሁ። ስምንት ዓመት ከልብሴ ሥር ነበር፤ ቀለሙ ለቅቋል። ሥራው አላለቀምና ጨርቁን እኔ አልፈታውም። የምትፈታው የገጾቹ ባለቤት ናት፤ የሰዓድ እናት፣ ራህማ። ፊደል አታውቅም። ስትፈታው እኔ ፊቷ ተቀምጬ አነብላታለሁ።